የመመለሻ ስንቅ

የልጅ ልጄን ከሞጣው ውድድር ያስቀረኋት እኔ ነኝ። መምህሩ አይደለም፤ ያሸነፋትም ልጅ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቢቸና ላይ ወሬው ተገልብጦ ስለሚነገር ነው። እኔን ሊያመሰግኑ ነው የሚያወሩት።

ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። አራተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ዳዊትም እደግማለሁ። እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን ለይቼ ብጠራው እንጂ ሲገጣጠም ምን እንደሚል አላውቅም። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቀኝ በማካፈል ነው። ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ ወንዶቹ በመደቡ ይጣሉ ነበር፤ የአንዱ ሥጋ ይበዛል፣ የሌላው አጥንት። አንድ ዓመት ለፋሲካ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ገባሁና፣ ይህኛው መደብ ጉበት አንሶታል፣ ከዚያኛው ቆርጣችሁ ጨምሩበት አልኳቸው። ሴት በቅርጫ ምን አገባት ያለ ሽማግሌ ነበር፤ መደቡ ሲስተካከል እሱም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ይጠሩኛል። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነበር፤ መደቡን ያስተካከለ ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም፣ አነሰች የምትባለዋን ለይቶ ይወስዳል። ያችን ያነሰችውን ይዤ በሰው መሀል ሳልፍ ደስ ይለኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ያስገባኝም ይኸው ስሜ ነው።

የልጅ ልጄን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ ባሕር ዳር ሥራ ይዛ፣ በዓመት አንዴ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነም ሁለቴ ትመጣለች። ያን ዓመት ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። የፊዚክስ መምህሩ ውድድር መኖሩን ሲናገር ሮጣ መጥታ ነገረችኝ። ሰውን ወደ ማርስ ለመላክ ከታሰቡት መንገዶች የትኛው ይሻላል፣ ወጪውስ እንዴት ይነጻጸራል የሚል ጥያቄ ነው። ከየትምህርት ቤቱ አንዳንድ ተማሪ ተመርጦ ሞጣ ላይ ይወዳደራል፤ ሞጣ ላይ ያሸነፉት ክረምቱን ባሕር ዳር በቤተ ሙከራ ይማራሉ። ቤተ ሙከራ እሷ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የተቆለፈ ክፍል ነው። እኔ ግን ከቤተ ሙከራው በፊት የገባኝ ሌላው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከእናቷ ጋር ልታድር ነው።

ጎረቤቴ ሰምታ ሳቀች። "ላም አለኝ በሰማይ አሉ፤ እኛ የዚህን መንገድ አልቻልነውም" አለች። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ላውቀው ፈለግሁ። ምስር እየለቀምኩ ልጅቷን አስቀምጬ ጠየቅኋት።

ማርስ እንደ ምድራችን ያለች ናት፣ ግን ብርዳም ናት፣ የሚተነፈስ አየርም የላትም አለችኝ። ለመድረስ ብቻ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ደርሶ ወዲያው መመለስ የለም፤ ምድርና ማርስ የሚቀራረቡት በየሁለት ዓመቱ ከሁለት ወር ገደማ ስለሆነ፣ መንገዱ እስኪገጥም እዚያው ከዓመት በላይ ይጠበቃል። መሄዱም መመለሱም ተደምሮ ሁለት ዓመት ተኩል ነው።

"ስንቁስ?" አልኳት።

"ጥያቄው እኮ እሱ ነው፣ እምዬ" አለችና ደብተሯን አመጣች።

አንደኛው መንገድ ሁሉንም አንድ ላይ ይዞ መሄድ ነው፤ ሰውን፣ ምግቡን፣ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ነዳጅ። መርከቡ ከመግዘፉ የተነሣ ከምድር ባንዴ አይነሣም፤ በቁራጭ በቁራጭ እየወጣ ሰማይ ላይ ይገጣጠማል። ክብደቱ ነው ወጪው አለችኝ፤ ነዳጁን ለማንሣት ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል፣ ያንንም ለማንሣት ሌላ። የገንዘቡን ልክ ልታነብልኝ ጀምራ ዜሮው አላልቅ ሲል አቆምኳት። ሁለተኛው መንገድ መመለሻውን መርከብ ያለ ሰው ቀድሞ መላክ ነው። እዚያ ደርሶ ከማርስ አየር ነዳጅ ይሠራል፤ ጋኑ መሙላቱ ሲረጋገጥ ምድርና ማርስ በሚቀራረቡበት በሚቀጥለው መገናኛ ሰዎቹ ይነሣሉ። ሦስተኛው ሳያርፉ ዞሮ መመለስ ነው። በወጪ ይቀላል፣ ግን በር ድረስ ሄዶ ሳይገቡ እንደመመለስ ነው። ከሁሉም የሚረክሰው አለመመለስ ነው አለች፤ ሄዶ እዚያው መኖር።

"እሱስ መንገድ አይባልም። ፍታት ነው" አልኳት። ሳቀች፤ ደብተሯ ላይ ግን ጻፈችው።

ያን ጊዜ ነው የራሴን መንገድ የነገርኳት። በወጣትነቴ ከባሌ ጋር ጌሾ ጭነን ሞጣ ገበያ በእግር እንሄድ ነበር። አንዲት በቅሎ ነበረችን። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ የደርሶ መልሱን በሶና የበቅሎዋን ገብስ ሁሉ ጫንባት። ለጌሾው ቦታ ጠፋ። በቅሎዋ የተሸከመችው የራሷን ሆድ ነበር፤ ለገበያ ሳይሆን ለመብላት የሄድን መሰልን። በሁለተኛው ጊዜ ለመመለሻ የሚሆነውን በሶና ገብስ መንገዳችን ላይ ካለችው ከግንደ ወይን ከተማ ወዲህ ባለ አንድ ቤት አደራ ብለን ትተን አለፍን። ስንመለስ በሶው የለም፣ ገብሱም የለም። ክረምቱ እየገባ ስለነበር እህል አልቆባቸው በልተውታል። ባዶ ሆዳችንን፣ በቅሎዋን እየጎተትን ቢቸና ገባን። ከዚያ በኋላ ስንቁ በሰው ቀድሞ ይሄዳል፤ መቀመጡን የሚነግረን ሰው ተመልሶ ሳይመጣ ከቤታችን አንነሣም።

ልጅቷ እርሳሷን ይዛ አፍጥጣ ታየኝ ነበር። "መሐንዲሶቹ ለዓመታት የሚከራከሩበትን እኮ ነው በበቅሎ የነገርሽኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቀና አላለችም። የሚጫነውን ክብደት፣ የሚቆዩበትን ቀን፣ አንድ ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን ለየመንገዱ እየለየች አሰላች። ስልኳ ላይ ያገኘችውን ታነባለች፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ከመምህሩ መጽሐፍ ትዋሳለች። አንዱን ሠንጠረዥ አራት ጊዜ ቀድዳ እንደገና ስትጽፈው አይቻለሁ። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቼ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

ዳኞች ሦስት እንሁን ተባለ፤ መምህሩ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩና ከወላጅ ኮሚቴ እኔ። የልጅ ልጄ ስለምትወዳደር መዳኘት አይገባኝም ብዬ ነበር። መምህሩ፣ "እማማ፣ እርስዎ ለዘመድ እንደማያደሉ አገር ያውቃል። ስሌቱን እኛ እናየዋለን፤ እርስዎ ሥራው የራሳቸው መሆኑን ብቻ ይመዝኑልን" አለኝ። አገር ያውቃል ሲል ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ቀረሁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ነበሩ፣ እሷና አንድ የክፍሏ ልጅ። የልጁ ወረቀት በቀለም ታትሞ፣ ተጠርዞ የመጣ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ጭኖ መሄድ ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ አንደበቱም ጥሩ ነው። ከዚያ የልጅ ልጄ ቆመች። ወረቀቷ በእጅ የተጻፈ ነው። ሁለተኛውን መንገድ መረጠች። ብዙው ክብደት ከምድር ስለማይነሣ ወጪው እንደሚያንስ በሠንጠረዥ አሳየች፤ ቀድሞ የተላከው ቢበላሽ ሰው ገና ከቤቱ ስላልወጣ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ ነው አለች። የበቅሎዋን ነገር ስታነሣ አዳራሹ ሳቀ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ አየኝ።

ያ መዞራቸው ነው የነካኝ። አያቷ የነገረቻትን አቀረበች፣ አያቷም ዳኛ ሆነች ሊሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱ ፊቴ ነበር። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። እንደሚያነብ ሰው ገጹን አንድ በአንድ ገለበጥኩት፤ መጨረሻው ላይ ደርሼ አጠፍኩት።

"ይህን የስንቅ ነገር ከማን ሰማሽው?" አልኳት በሰው ፊት።

"ከእርስዎ" አለች። ቤት ውስጥ አንቺ ነበር የምትለኝ።

"ታዲያ ከሰው መስማትሽን የት ላይ ጻፍሽ?"

እጄን አየች። ወረቀቱን አየች። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ፣ "አልጻፍኩም" አለች።

ከሃያው ነጥብ አምስቱን ብቻ ሰጠኋት። ልጁን ማን እንዳገዘው አልጠየቅሁትም፤ ዘመዴ አይደለማ። አሥራ ስምንት ሰጠሁት። ሲደመር በሦስት ነጥብ በለጣት። ከአዳራሹ ስንወጣ ሰዎች እጄን እየጨበጡ፣ ለልጅ ልጇ እንኳ አላዳላችም አሉ። እሷ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄዳ ነበር።

ሳምንት ሙሉ አልተኮራረፍንም። ይልቁንም በጣም ታከብረኝ ጀመር። ውኃ ስታቀርብልኝ እርስዎ፣ ስትሰናበተኝ እርስዎ። ልማዱ ከአዳራሹ ተከትሏት የመጣ መስሎኝ ይለቃታል ብዬ ተውኩት።

በሳምንቱ ከገበያ ስመለስ መምህሩ መንገድ ላይ አገኘኝና አብሮኝ ጥቂት ሄደ። አንድ ነገር ከብዶት እንደነበር ያስታውቅ ነበር። ያን ያህል መጨከን አልነበረብኝም፣ ልጅቷ ምንጯን ጽፋ እንደነበር ነገረኝ። የት ብዬ ጠየቅሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ ከመጽሐፎቹ ዝርዝር ቀጥሎ አለ፤ አያቴ፣ ቢቸና፣ በቃል የነገሩኝ ይላል አለ። በኋላ እንደገና ሲያነበው ማግኘቱ እንጂ በዕለቱ እሱም ሠንጠረዡን ሲያይ አላስተዋለውም ነበር። አላየሁትም አልኩት። "እርስዎ እኮ ገጹን ሲ..." ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ገባው። ከዚያ በኋላ መሬት መሬት እያየ ነበር የሚሄደው። በልጁ ስም የእሷን መተካት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት። ዝርዝሩ ሞጣ ሄዷል፣ ልጁስ ምን አጠፋ አለኝ። እውነቱን ነው። የልጁን ቀምቶ ለእሷ መስጠትም ሌላ በደል ነው።

ቤት ስገባ ልብስ እያጠበች ነበር። ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ ቆምኩ።

"አላነበብኩትም" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ መጨረሻው ገጽ ላይ አለ አትይም?"

"ያን ብል ያንብቡልን ይሉዎት ነበር" አለች፤ እጇን ከሳሙናው ውኃ አላወጣችም። "ሰው ሁሉ ነበረ።"

ተቀመጥኩ። በአደባባይ የተበደለ በአደባባይ ይካሳል፣ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ፊት ቆሜ እንግሊዝኛ እንደማላነብ፣ ያነበብኩ መስዬ እንደፈረድኩባት እናገራለሁ አልኳት። ይቅርታ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"እኔ ሞጣን የተውኩት ለዚህ ነው። አሁን ወጥተው ቢናገሩ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንቀራለን" አለች።

በሕይወቴ ትክክል የመሰለኝን ነገር ተይ ተብዬ የተውኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በሚመጣው ዓመት ትወዳደሪያለሽ አልኳት፣ ለማጽናናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል አይወዳደርም፣ ለመልቀቂያ ፈተና ነው የሚዘጋጀው አለችኝ፤ እሱንም በእርጋታ።

ለውድድሩ መምህሩ ጥቂት ተማሪዎችን በሚኒባስ ሞጣ ወሰደ። እሷ ልሂድ ስትል እኔም ተከተልኩ። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። የእኛ ትምህርት ቤት ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወጣ፤ ጥሩ ተናገረ። ከዳኞቹ አንዷ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። የመመለሻው ነዳጅ ቢፈስ ሰዎቹ ምን ይሆናሉ ብላ ጠየቀችው። የሚቀጥለውን መገናኛ ይጠብቃሉ አለ። "ሁለት ዓመት? ምን እየበሉ?" አለችው። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ወረቀቱን ገለበጠ፤ በቀለም የታተመውን ወረቀት፣ ገጽ በገጽ፣ እኔ እንደገለበጥኩት አድርጎ። መልሱ ውስጡ አልነበረም። የልጅ ልጄን አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። የአንድ ሰው ቀለብ በቀን፣ የቀኑ ብዛት፣ ቀድሞ የተላከው። መልሱን እስከ መጨረሻው ለራሷ ተናገረችውና አፏን ገጠመች። ልጁ ሳያልፍ ቀረ። በዚያ ዳኝነቴ ሁለት ልጆች በድያለሁ፤ የማይገባውን ሸክም አሸክሜው ነበርና።

ስንመለስ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። ግንደ ወይንን አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ያ ስንቅ ያስቀመጣችሁበት ቤት የትኛው ነው አለችኝ። አሁን የለም፣ መንገዱ በላዩ አልፏል አልኳት።

"በሶውን የበሉት ሰዎችስ ምን ሆኑ? እሱን አልነገሩኝም።"

አልነገርኳትም፤ ለማንም አልነገርኩም። ያን ጊዜ ነገርኳት። ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ፣ ልጆቼ ራባቸው፣ በልተነዋል፣ ለመኸር እንከፍላለን ብላ ነበር። እኔ ነኝ ያልተስማማሁት። ባሌ ተይ ይበቃል አለኝ። አደራ አደራ ነው ብዬ ከቀናት በኋላ ተመልሼ ሽማግሌ ፊት አቆምኳቸው፤ ፈረዱልኝ። ሌላ እህል ስላልነበራቸው ለዘር ያስቀመጡትን ጤፍ ሰፍረው ሰጡኝ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ማሳቸው ታርሶ ነበር። ጤፉን አምጥቼ በላሁት። ያን ዓመት ምን እንደዘሩ አላውቅም፤ በዚያ ቤት በኩል ሁለተኛ አላለፍኩም።

"ፍርዱ ግን ትክክል ነበር" አልኳት፤ ለምን እንዳልኩት እስከዛሬ አላውቅም። "ትክክል ነበር" አለች እሷም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ክረምቱን እዚሁ እኔ ጋ ከረመች። እናቷ በስልክ ስታለቅስ ያጽናናቻት እሷ ናት።

ከኮሚቴው ወጣሁ። ምክንያቱን ስላልተናገርኩ ትሕትና ነው ብለው ተረጎሙት። ወሬው አልቆመም። በማኅበሩ፣ በለቅሶ ቤት፣ ዳኛ እንዲህ ነው እያሉ ያነሡታል። እሷ ባለችበት ሲያነሡት ትንሽ ፈገግ ትላለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል ታየኛለች፤ እዘጋዋለሁ። ይህንንም የጻፍኩት ስም እንዳልጠራ አስምላኝ ነው።

ለመስቀል ቅርጫ ታረደና እንደ ልማዱ ጠሩኝ። አልመጣም አልኩ። የቅርጫው ዋና ራሱ መጣ፤ ለልጅ ልጇ ያላደላች እያለች እኛ በማን እንታመን አለ። ቤት ውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። "እሷን ውሰዷት። ስሌት ከእኔ ይልቅ ታውቃለች" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እሷ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ ሄድኩ።

ቅጠሉ ላይ የተደረደሩትን መደቦች ዞራ አየቻቸው። ከአንዱ ጎድን አንሥታ ወደ ሌላው አደረገች፤ ጨጓራውን እንደገና አካፈለችው። ሁሉም የዕጣ ምልክቱን ማዋጣት ጀመረ፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቅጠል። እኔ እንደ ወትሮው ዳር ላይ ያለችውን፣ ቀጭኗን መደብ ለማንሣት ጎንበስ አልኩ። ገና ሳልነካት እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

"ተይው፣ እምዬ" አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከመሬት አንዲት ጠጠር አነሣችና ለዕጣ ጣዩ ሰጠችው። "የእኛንም ጨምረው።"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዕጣ ጣዩ ጠጠሯን ከሌሎቹ ጋር በመዳፉ ውስጥ አሻት፤ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ በየመደቡ ላይ ጣላቸው። ለእኛ የደረሰን ከመሀል ያለ መደብ ነው፤ የሚያስቀናም የሚያሳዝንም አይደለም። ቀጭኗ ለቅርጫው ዋና ወጣችበት፤ እያጉረመረመ አነሣት። የወጣልንን በቅጠሉ ጠቅልላ ታቀፈችው፤ እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ ወደ ቤት ሄድኩ።